የውዴ ገብስማ ዶሮዎች

አያ ፈንታ ማረፋቸውን የነገረኝ ይማም ነው። ይማም ከጎንደር ሸሕዲ የሚመላለስ አውቶቡስ ሹፌር የነበረ፣ ዛሬ መሪውን ትቶ አዘዞ የተቀመጠ ወሎዬ ነው። ሻይ ይዘን ስኳሩን እያማሰለ፣ «ያ ሽማግሌኮ ሞቱ፤ ከተቀበሩ ሰንብተዋል» አለኝ። የትኛው ሽማግሌ ብዬ አልጠየቅሁም። ይማምንና እኔን አንድ ላይ ያበሳጨ፣ አንድ ላይም ያሳዘነ ሽማግሌ ከእሳቸው ሌላ የለም።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉን ማውራት ወግ ነው። እኔ ግን አያ ፈንታን ሳስብ አሁንም ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። በእሳቸው ብቻ አይደለም፤ በእሳቸውም ጥቂት አለበት። ይበልጡን የምናደደው በመንገዱ፣ በኬላው፣ በይለፍ ወረቀቱ፣ ሰው ደግ ሊሠራ ብሎ እንኳ ሌላውን በሚጎዳበት በዚያ ኑሮ ነው።

በደርግ ጊዜ ሸሕዲ ላይ የፖስታ ወኪል ነበርኩ። ወኪል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ማኅተምና እኔ ነን። በሚያዝያ ቆርቆሮው ሲግል ከውስጥ መቀመጥ ስለማይቻል ወንበሬን በር ላይ አውጥቼ ነበር የምሠራው። ፖስታው የሚመጣው በይማም አውቶቡስ ነው፤ እሱ ከመጣ ይመጣል፣ ከቀረ ይቀራል።

አያ ፈንታ ከደንቢያ ወርደው ከሸሕዲ ወጣ ብሎ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሰው ናቸው። ዱላቸውን በትከሻቸው አግድመው ሁለት እጃቸውን ይሰቅሉበታል። አውቶቡስ ሲጠብቁ ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚቀመጡት፤ መንገዱን ካዩት መኪናው ይዘገያል ብለው ያምናሉ። ሰው ሰላም ሲላቸው መልሰው ሰላም ከማለታቸው በፊት የሰውየውን ጫማ ያያሉ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንድ ቃል ይጠሉ ነበር፤ «ምን ይደረጋል» የሚለውን። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ የሚኖረው በዚህች ቃል ነው። ዘይት ጠፋ፣ ምን ይደረጋል። አውቶቡሱ ቀረ፣ ምን ይደረጋል። ልጅ ለውትድርና ታፈሰ፣ ምን ይደረጋል። አንድ ቀን ለእሳቸውም አመለጠኝ። ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና፣ «የሚደረገውንማ ነው እኔ የጠየቅሁህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ባሉበት ቃሏን ዋጥ ማድረግ ለመድኩ።

ሚስታቸው ወይዘሮ ውዴ ወደ ቆላ ሲወርዱ ከእናታቸው ቤት ገብስማ ቄቦችና አንድ ገብስማ አውራ በቅርጫት ይዘው ነው የመጡት። እነዚያን ዶሮዎች ከሰፈሩ ዶሮ ሳያደባልቁ፣ በሙቀቱም በጭልፊቱም መሐል ዓመት ከዓመት አራቧቸው። በሰፈሩ የውዴ ዶሮ ከሩቅ ይለያል። አያ ፈንታ ግን ዞር ብለው አይተዋቸው አያውቁም ነበር። ዶሮ የሴት ጉዳይ ነው፤ ወንድ ስለ ዶሮ ሲያወራ ከተገኘ ወፍጮ ቤት የተሰበሰበው ሁሉ ሲስቅበት ይውላል።

ወይዘሮ ውዴን ወባ ገደለቻቸው። አንድ ልጃቸው ደግሞ ከዚያ በፊት ወደ ሱዳን ተሻግሮ ድምፁ ጠፍቷል። አያ ፈንታ ብቻቸውን ሲቀሩ ነው ዶሮዎቹን ማየት የጀመሩት። ጠዋት ጠዋት ማሽላ ይበትናሉ፣ ውኃ ይቀይራሉ፣ ማታ ይቆጥራሉ። ወፍጮ ቤት ያሉት «ባለ ዶሮው» አሏቸው፤ ግድም አልሰጣቸው። እኔም አንድ ቀን ልቀልድባቸው ሞክሬ ነበር። «ከእሷ ከቀረኝ ዕቃ ሁሉ ድምፅ ያለው እነሱ ናቸው» አሉኝና ቀልዴን አስዋጡኝ።

ከዚያ ፈንግል ገባ። ፈንግል ከገባ ዶሮ አይተርፍም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሸሕዲ ላይ የሚጮህ አውራ ዶሮ ጠፋ። የውዴ ዶሮዎችም አለቁ። አያ ፈንታ አንድ በአንድ ቀበሯቸው ተብሎ ተወራ፤ ሌላው ሰው የሞተ ዶሮውን ገደል ነበር የጣለ።

የእነዚያ ዶሮዎች ዘር የቀረው ደንቢያ፣ የወይዘሮ ውዴ እህት ወይዘሮ እናኑ ዘንድ ብቻ ነበር። ታዲያ ሄደው አያመጡም ነበር ወይ ትሉ ይሆናል። ያን ጊዜ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይዙ ኬላ ማለፍ አይቻልም። ልጁ ሱዳን የተሻገረበት አባት ደግሞ ይለፍ አይሰጠውም። እሺ፣ ሰው ይዞላቸው ይምጣ ቢባል፣ በፈንግሉ ምክንያት ነፍስ ያለው ዶሮ በኬላው እንዳያልፍ ተከልክሏል። በሽታው ካለፈ በኋላም ክልከላው አልተነሳም፤ አንዴ የተከለከለን ነገር ደፍሮ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። እሳቸው አይወጡም፣ ዶሮ አይወርድም። የቀረው እንቁላል ነው።

«በፖስታ ይላክልኝ» አሉኝ። እንቁላል በፖስታ እንዴት ይሆናል ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። «ፖስታ ዕቃ ያደርሳል ትሉ የለም ወይ? እንቁላል ዕቃ አይደለምሳ?» ብለው አፌን ዘጉት።

ከኬላው ወዲህ ኮኪት ካለ ዘመድ አንዲት ቀይ ዶሮ አመጡ። እሷ መታቀፍ ስትፈልግ ይማም ለወይዘሮ እናኑ መልእክት ያደርሳል። ሴትየዋ በገበያ ቀን አዘዞ ብቅ ስለሚሉ እዚያ ያገኛቸዋል። እሳቸውም እንቁላሉን ጎንደር ወስደው በፖስታ ይልካሉ።

የመጀመሪያው እንቁላል በገለባ በተሞላ የእንጨት ሣጥን መጣ። በላዩ «የሚሰበር» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። ጎንደር ላይ የጫነው ሰው ያንን ማንበቢያ ጊዜ አላገኘም መሰለኝ፣ ጣራ ላይ አውጥቶ ትርፍ ጎማውን አስቀምጦበታል። ሸሕዲ ሲደርስ አስኳሉ በመስኮቱ ወርዶ ደርቆ ነበር። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው የወረዳው ካድሬ መሆኑ ደግሞ የእኛ ዕድል ነው። ይህ አሻጥር ነው እያለ ደጃፌ ላይ ቆሞ ለፈለፈብኝ። አያ ፈንታ ካድሬውን አላዩትም። በገለባው ውስጥ እጃቸውን ሰደው አንድ ደህና ይገኝ እንደሆነ እየዳሰሱ ነበር። አልተገኘም።

ሁለተኛውን ወይዘሮ እናኑ ብልሃት ጨመሩበት። በዘይት ቆርቆሮ ጤፍ ሞልተው እንቁላሉን በጤፉ ውስጥ ቀበሩት። ጤፍ እንቁላልን እንደ እጅ ይይዛል፤ ጎማም ቢጫንበት አይሰበርም። ይህንን ግን ኬላ ላይ ያለው ፈታሽ አያውቅም። ፈታሾቹ የሰሊጥ ጆንያ የሚወጉበት ረጅም ብረት አላቸው፤ እህል ያዩበት ዕቃ ውስጥ ሁሉ ጥይት ይኖራል ብለው ይሰዱታል። ወጉት። ይማም ውስጡ እንቁላል ነው ብሎ ቢጮህ ሌላም ጊዜ ወጉት። እንቁላል ነው የሚል ሰው ደግሞ ይበልጥ ያጠራጥራል። ለእኔ የደረሰኝ በቆርቆሮ ውስጥ የተቦካ የጤፍ ሊጥ ነበር።

ያን ቀን እኔ ነኝ የጮህኩት። አያ ፈንታ ሊጡን በጣታቸው ነካ አደረጉት። በኋላ ቀይዋ ዶሮ ባዶ ጎጆ ላይ እንደተቀመጠች ነገሩኝና ዱላቸውን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ግን ተመልሰው መጡ፤ ሦስተኛው እንዴት ይምጣ የሚል ሐሳብ ይዘው።

ሦስተኛውን ይማም ራሱ ተሸከመው ማለት ይቻላል። ሣጥኑን ጣራ ላይ አልሰቀለውም፤ ከመሪው አጠገብ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስቀመጠው። ኬላ ላይ ሣጥኑን በገዛ እጁ ከፍቶ አሳየ። ጉድጓድ ሲመጣ አውቶቡሱን እንደ ሙሽራ በቅሎ ነበር የሚነዳው፤ ተሳፋሪው ሰደበው። አይከል ሲደርስ ባሌስትራው ተሰበረ። ምትክ ከጎንደር እስኪመጣ ሰነበተ። ያን ሁሉ ቀን ሣጥኑን ያረፈበት ማደሪያ ባለቤት ለሆኑ ደግ ሴት አደራ ሰጥቶ፣ እየገባም እየወጣም ያየው ነበር።

በመጨረሻ መጣ። አያ ፈንታ ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ነበር፤ ይማም ከኋላቸው መጥቶ ሣጥኑን ጉልበታቸው ላይ አኖረላቸው። ከፈቱት። አንድም አልተሰበረም፣ አንድም አልተሰነጠቀም። እያንዳንዱ በገለባ ተጠቅልሎ፣ እንደ ጥርስ ንጹሕና ነጭ ሆኖ ተደርድሯል። ሰው ተሰብስቦ አጨበጨበ። አያ ፈንታ አንዱን አንስተው ወደ ፀሐይ አደረጉት። ብርሃን አላሳለፈም፤ ውስጡ ጨለም ብሏል። ይህ ያስደነግጠናል ብላችሁ ነው? በመንገዱ ሙቀት ነፍስ ዘርቷል ተባብለን ይበልጥ ደስ አለን። አያ ፈንታ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የታችኛው ጥርሳቸው እንደሌለ ያወቅሁትም ያኔ ነው።

እንቁላሉን ለቀይዋ ዶሮ አሳቀፉ። ጎጆዋን ከውኃ እንስራው አጠገብ፣ ከቤቱ በቀዘቀዘው ጥግ አደረጉላት። በየገበያው ቀን እየመጡ ይነግሩኛል፤ ዶሮዋ ለመብላት እንኳ የምትነሳው ለጥቂት ነው፣ ሰው ሲጠጋት ትቆጣለች። ሦስት ሳምንት አለፈ። አራተኛው ሲጋመስ ፊታቸው መቀየር ጀመረ። ዶሮዋ ከስታ ላባዋ ረግፏል፤ እንቁላሉ እንዳለ ነው። አንድ ቀን አንዱን በነጠላቸው ቋጥረው መጡና ደጃፌ ላይ ሰበሩት።

የሸተተን ሽታ ሌላ ነገር ነው። ያየነው ግን የማያጠራጥር ነበር። ነጩ ጠንክሯል፣ አስኳሉ ደርቆ በጠርዙ አረንጓዴ ሆኗል። ተቀቅሎ ነበር። ቀይዋ ዶሮ ያን ያህል ጊዜ የታቀፈችው የተቀቀለ እንቁላል ነው።

ይማም በሚቀጥለው ጉዞ አይከል ላይ ደጊቱን ሴት ጠየቃቸው። ሴትየዋ አልካዱም፤ እንዲያውም ደስ ብሏቸው ነበር የነገሩት። ልጃቸው በየዓመቱ ሽንፋ ለሰሊጥ አረም የሚወርድ ሳሉግ ነው፤ የቀን ሠራተኛውን ቆላ የሚሉት እንደዚያ ነው። ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው እንቁላል ጥሬውን እንደማይሰነቅለት ማንም ያውቃል፤ በሙቀት ይገማል፣ በመንገድ ይሰበራል። መኪናው ተበላሽቶ ሣጥኑ ሲሰነብት እሳቸው አዘኑለት። ቀቀሉት፣ አቀዘቀዙት፣ አጥበው እያንዳንዱን በገለባ ጠቅልለው መለሱት። «ታዲያ አንድም አልተሰበረም አይደል?» ብለው ጠየቁት።

እኔ እዚህ ላይ ልፈነዳ ነበር። ጎማ የጫነውን መስደብ ይቻላል፣ ብረት የሰደደውንም መርገም ይቻላል። ይቺን ሴትዮ ምን ትላታለህ? ለልጇ የምታደርገውን ነው ያደረገችው። ቢያንስ ጠይቃ ቢሆንስ ብዬ ብቻዬን በቆርቆሮው ክፍል ውስጥ እንደ እብድ ተነጫነጭኩ። አያ ፈንታ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ፣ «ጨው አድርጋበት ይሆን?» አሉ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ከፊታቸው ማወቅ አልቻልኩም።

የሚከተለውን ነገር ግን ያኔም አልገባኝም፣ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። ወይዘሮ እናኑ አዘዞ ላይ ይማምን አግኝተው፣ ተፈለፈለ ወይ ብለው ጠየቁት። እሱም መልሱን ይዤ እመጣለሁ ብሏቸው ወረደ። አያ ፈንታ ጥያቄውን እኔ ባለሁበት ሰሙት።

«ተፈልፍሏል በላት» አሉ።

ይማም እኔን አየኝ። እኔ ተናደድኩ። አራተኛ ጊዜ መሞከር እንደሚቻል፣ ለአይከሏ ሴት እንደሚነገራት፣ ውሸቱ ምን እንደሚጠቅም እየጠቀስኩ ተከራከርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ሦስት ጊዜ ከዶሮዎቿ ሥር አውጥታ ላከች» አሉ። «አንድ እንቁላል አልቀመሰችም፣ አንድ ጫጩት ለራሷ አላስቀረች። አሁን ደግሞ አልሆነም ብላት ያለችውን ዶሮ አርዳ ሆዷ ውስጥ ያለውን ትልካለች። የውዴ እህት ናት፤ አውቃታለሁ። ተፈልፍሏል በላት። ሁሉም ገብስማ ነው በላት።»

ይማም እንደተባለው ለወይዘሮ እናኑ ነገራቸው። ሴትየዋም ምስጋናቸውን ላኩ። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ እናኑ በየጊዜው ስለ ጫጩቶቹ ይጠይቃሉ፣ አያ ፈንታም ይመልሳሉ። አውራው ማለዳ ይጮሃል በላት። አንዷን ጭልፊት ሊወስዳት ነበር፣ አስጣልኳት በላት። ግቢያቸው ውስጥ ያለችው ቀይዋ ዶሮ ብቻ እንደሆነች ሦስታችን እናውቃለን። እኔ በሰማሁ ቁጥር ያቅበጠብጠኛል፤ ሰው የራሱን ቁስል እየነካ እንዴት እንዲህ ይቀባጥራል እል ነበር።

ዓመት ያህል እንዳለፈ ይማም ከአውቶቡሱ ሲወርድ ፊቱ ሌላ ነበር። ፈንግል ደንቢያ ገብቷል። የወይዘሮ እናኑ ዶሮዎች ማፊ አለን፤ የሱዳኖቹን ቃል ያኔ ሁላችንም እንጠቀምበት ነበር፣ አንድ የለም ማለቱ ነው። ሴትየዋ ግን አላለቀሱም። የእህቴ ዶሮዎች ቆላ አሉልኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብለዋል። አሁን የጎረቤት ዶሮ ለመታቀፍ ተዘጋጅታለችና ከእነዚያ ገብስማዎች እንቁላል በፖስታ ይላክልኝ ብለዋል።

አያ ፈንታ ዱላቸው ላይ የሰቀሉትን እጅ አወረዱ። እውነቱን የሚናገሩበት ቀን መጣ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ እንቁላል ሲታይ የየትኛዋ ዶሮ እንደሆነ ይለያል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይለይም አልኳቸው። ሄዱ።

ኮኪት ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ከፈንግሉ የተረፉ ገብስማ ዶሮዎች ያሉትን ሰው አፈላልገው አገኙ። ከውዴ ዶሮዎች ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም፤ ላባቸው ብቻ ነው የሚመስለው። እንቁላል ይዘው መጡ። በሰሊጥ ገለባ አድርጌ ያሸግሁት፣ «የሚሰበር» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እየጻፍኩም ይሰበር ነበር የምለው በልቤ፤ ውሸቱ በመንገድ እንዲቀር።

አልተሰበረም። ያ መንገድ፣ ያ ኬላ፣ ያ ባሌስትራ፣ ሦስት ጊዜ የውዴን ዶሮ የበላ ሁሉ፣ የኮኪቱን እንቁላል እንደ ንጉሥ ዕቃ አሳለፈው። ብረትም አልነካው፣ አይከልም አላደረ። በእውነት እላችኋለሁ፣ በሥራ ዘመኔ ፖስታ እንደዚያ ተስተካክሎ ሲደርስ አላየሁም። ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከወር በላይ ቆይቶ ይማም መልስ ይዞ መጣ። አያ ፈንታ ደጃፌ ላይ ተቀምጠዋል። ይማም ቆሞ፣ ወይዘሮ እናኑ ቃል በቃል እንዲያደርስ የተማጸኑትን እንዳይሳሳት ቀስ ብሎ ነገራቸው።

«ተፈልፍለዋል ብለዋል። ገብስማ ወጥተዋል። የእህቴ የውዴ ዶሮዎች መሆናቸውን በአረማመዳቸው አወቅኋቸው ብለዋል።»

«በአረማመዳቸው?» አሉ አያ ፈንታ።

«ወላሂ፣ እንዲያ ነው ያሉኝ።»

ድጋሚ እንዲነግራቸው ጠየቁት፤ ነገራቸው። እኔ ቀለለኝ። ሴትየዋ ተደስተዋል፣ ውሸቱም ተሸፍኗል፣ ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ መጨነቅ የለም። ፈገግ ብዬ፣ ይኸው ሁሉም ደህና ሆነ አልኳቸው። አያ ፈንታ ቀና ብለው አዩኝ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

«እሷስ የእህቷን ዶሮ አገኘች» አሉኝ። «እኔ አሁን ማንን ላኪልኝ ልበል?»